አባት የተፈለገላት ሰማያዊ ምስል

ወርቁን ትቶ ሸክላ የሚሰርቅ ሌባ በሥራ ዘመኔ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ሳዲያት ደሴት ላይ ወዳለው የግል ሙዚየም ስገባ ግን ያጋጠመኝ ይኸው ነበር። የግብፅ አዳራሹ ገና ለሕዝብ አልተከፈተም። ካሜራዎቹ በመገጠም ላይ ናቸው፣ ወለሉን መሰላልና የኤሌክትሪክ ገመድ ሞልቶታል። በመስታወቱ ውስጥ የአንድ የጥንት ሹም የወርቅ ጭምብል እንደተቆጣ አጎት አፍጦ ያየኛል። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

«እዚያ ነበረች» አሉኝ ዶክተር ዘከሪያ። «መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ምስል። የጥንት ግብፆች ከሟች ጋር የሚቀብሯት አገልጋይ ናት። ጌታዋ በወዲያኛው ዓለም ለሥራ ሲጠራ እሷ ‹አለሁ› ብላ ትነሳለታለች።»

«ሞታም አላረፈችም በሉኛ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። ዶክተር ዘከሪያ የስብስቡ ኃላፊ ናቸው። ደሴ ተወልደው ካይሮ የተማሩ፣ ከዚያም አል ዓይን መጥተው ታሪክ ያስተማሩኝ ሰው። እናቴ ዘምዘም የወሎ ሰው ስለሆነች አገሬ ትላቸዋለች፤ ዒድ በመጣ ቁጥር ከገበታችን አይጠፉም ነበር። የዚሁ የዓረብ አገር ሰውና ፖሊስ የነበረው አባቴ ሲሞት፣ ለፖሊስ ኮሌጅ ፈተና እጄን ይዘው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም አለቃዬ ዘንድ ደውለው «ኢንስፔክተር ነጂብ ይምጣልኝ» ብለዋል። ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።

«ሌባዋ እንኳ ተይዛለች» አሉ። «ሸዋረጋ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ። አዳራሹ ትናንት እሁድ ጠዋት የተከፈተው በእሷ ካርድ ነው። የምስሏ ባዶ ሣጥንም ከሎከሯ ተገኝቷል። ምስሏን ግን የት እንዳደረሰቻት አትናገርም።»

«ወርቁን ለምን ተወችው?»

«የጽዳት ሴት አይደለች? ዋጋውን አታውቅም።»

«ዶክተር፣ ወርቅ የማታውቅ ሴት አይተው ያውቃሉ?»

ወሬውን አዞሩት። ሐሙስ ከካይሮ የባለሙያዎች ቡድን እንደሚመጣ፣ የስብስቡን አመጣጥ እንደሚመረምር፣ ከሁሉ በፊትም ይህችኑ ምስል እናያለን ማለቱን ነገሩኝ። «አመጣጡ ያንተው አገር ነው» አሉ ትከሻዬን ይዘው። «የባለቤቱ የሐጂ ዐብዱራህማን አባት ድሮ ከካይሮ ገዝተው አል ዓይን በአሮጌው ቤታቸው አስቀምጠውት ነበር። ቤቱ ሲታደስ ነው ሣጥኖቹ የተገኙት። አሁን እንግዶቹ ሲመጡ ምን ላሳያቸው?»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አገኛታለሁ» አልኳቸው።

ሸዋረጋ ጣቢያ ስትጠብቀኝ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ነበር። ሠላሳውን ያለፈች የጎንደር ሴት ናት። ሳጅን ሪድዋና አጠገቧ ተቀምጣለች።

«እሁድ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን። የዕረፍት ቀኔ ነው።»

«ማን አየሽ?»

ሪድዋናን አየት አድርጋ ነጠላዋን ይበልጥ ሳበችው። 

«ብሩክታዊት ታውቃለች» አለች በመጨረሻ። «አብረን ነው የሄድነው፣ አብረን ነው የተመለስነው። እሷን ጠይቋት። እህቴ ማለት ናት።»

ብሩክታዊት አል ፈላሕ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ማዳሟ በር እየቆለፈች ብታስመርራት ጠፍታ የወጣች ልጅ ናት። ያስጠጋቻት ሸዋረጋ ነበረች። ክፍሏን ብቻ ሳይሆን አልጋዋን አካፍላታለች። በሰዓት እየሄደች የምታጸዳው ቤትም ያገኘችላት እሷ ናት።

«ካርድሽስ የት ነበር?»

«ቦርሳዬ ውስጥ፣ ክፍሌ። በዕረፍቴ ቀን ምን ያደርግልኛል?» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ጌታዬ፣ በሌብነት ከታሰርኩ እናቴ ትሞታለች። ታናናሾቼን ሠርቼ ነው ያሳደግኋቸው፣ የሌባ ቤት ሊባሉ ነው?»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። የሚያለቅስ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ የማያለቅስ ሰው ነው ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ።

ብሩክታዊት ግን አለቀሰች። በራቸው ላይ ቆማ፣ መሬት መሬት እያየች።

«ክፉ ልናገርባት አልፈልግም፣ ጌታዬ። አሳዳሪዬ ናት። ግን ቅዳሴ ላይ አልነበረችም።»

«አብረን ሄድን ትላለች።»

«አልሄድንም። እኔ ከኪዳን ጀምሮ እስከ ማብቂያው ውስጥ ነበርኩ። ብትኖር አያት ነበር።»

ዲያቆኑን ጠየቅሁ፤ ሸዋረጋን አላያትም። ከሴቶቹ በኩል ሁልጊዜ ከፊት የሚቆሙትን እናቶች ጠየቅሁ፤ እነሱም አላዩዋትም። አንዷ እንዲያውም «ምን ነካት ብለን ስንጠያየቅ ነበር» አሉኝ። ጣቢያ ተመልሼ ይህን ለሸዋረጋ ስነግራት፣ የዲያቆኑንም የእናቶቹንም ቃል እሺ ብላ ሰማች። የብሩክታዊትን ስነግራት ግን ሳቀች።

«ይኼንንስ አንተ ነህ የፈጠርከው» አለችኝ። በንዴት አንቱታውን ረስታዋለች። «እሷ እንዲህ አትልም።»

እኔም መዝገቡን በእሷ ላይ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያልተመቸኝ ያ ወርቅ ብቻ ነው።

የአዳራሹን ጥበቃ ሸምሱን ያዝኩ። የወሎ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«እሁድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«በሩ ላይ።»

«ማን ገባ?»

«ዝንብ አልገባም፣ ወላሂ!»

«ዝንቧ ካርድ ይዛ ነበር እንዴ? በሩ ተከፍቷልኮ።»

ላብ አጠመቀው። ይኸው ነው ሌባው ብዬ ልቤ ዘለለ። ማደሪያው ሄድኩ። አብረውት የሚኖሩት ልጆች ያለ ምንም ተንኮል የእሁዱን ዓሣ ጥብስ አወደሱልኝ። ሸምሱ እሁድ እሁድ በሩን ጥሎ ሚና ዛይድ ዓሣ ገበያ ይሮጣል ለካ! ገበያው ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ዓሣ የሚያጸዳው ሰውዬ አልረሳውም። ‹አንጀቱን በደንብ አላወጣህም› ብሎ ሲጨቃጨቀው ነው ያረፈደው።

«ከሥራ አታባርረኝ ጌታዬ» አለ ሸምሱ። «እንደምሄድ ዶክተሩም ያውቃሉ። አንዳንዴ ለእሳቸውም እገዛላቸዋለሁ። ደግ ሰው ናቸው።»

ደግ ሰው መሆናቸውን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሰምቼው አለፍኩ።

በማግስቱ ምሳ ልበላ እናቴ ጋ ጎራ አልኩ። ጎረቤቷ መጥታ ስለ ጾም ያወራሉ። ልጅ ሳለሁ በረመዳን እናቴ አንዳንድ ቀን የማድ ቤቱን በር ዘግታ ትበላ ነበር። አባቴ የሳህኑን ድምፅ እየሰማ እንዳልሰማ ይሆናል። እኔ ብቻ ነበርኩ «ኡሚ ጾሟን ፈታች!» ብዬ የምጮኸው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጉርሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። እናቴ «ምነው ልጄ፣ ጨው በዛው?» አለችኝ።

ሸዋረጋ ፊት ተቀመጥኩ። እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት ቸግሮኝ የጠረጴዛውን ጠርዝ ስደባብስ ቆየሁ።

«አትናገሪ» አልኳት። «ራስሽን ብቻ ነቅንቂልኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደሻል። ነገር ግን ወደ ውስጥ አልገባሽም። የምትገቢበት ሳምንት አልነበረም።»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። አይታኝ ሳታበቃ ወደ ሪድዋና ዞረች። ከዚያ ነቀነቀች።

እናቴ በእንዲህ ያለ ቀን እንደማትጾመው ሁሉ፣ የወር አበባ ላይ ያለች ክርስቲያን ቅዳሴውን ከግቢው ቆማ ታስቀድሳለች እንጂ ወደ ውስጥ አትገባም። ይህን ደግሞ እስር ቤት ብትገባም ለወንድ፣ ያውም ለእስላም ፖሊስ፣ አትናገርም። እኔ ሞኙ ውስጥ ያሉትን ስጠይቅ ከረምኩ።

ግቢውን የሚጠብቁት አባባ እስጢፋኖስ ጥያቄዬን ሲሰሙ ተቆጡኝ።

«ማን ጠየቀኝና! ሸዋረጋን? እዚች ጥላ ሥር ነበረች። ወንበር ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።»

«ላቸው? ከማን ጋር ነበረች?»

«ከዚያች ከቀጭኗ ጋር፣ ከብሩክታዊት። እንደሁልጊዜው አጠገብ ለአጠገብ። እንዲያውም ቀጭኗ ስታለቅስ ነበር፤ ሸዋረጋ በነጠላዋ ስትጠርግላት አይቻለሁ።»

ብሩክታዊት ውስጥ አልነበረችም። ሰው ሁሉ ሸዋረጋን እንዳላያት ሲነግረኝ፣ ብሩክታዊትንስ አይታችኋል ወይ ብዬ መጠየቅ አልታሰበኝም ነበር። ልጅቱ አውቃለች። ጓደኛዋ ውጭ መቆሟን ለፖሊስ እንደማትናገር፣ ውስጥ ያሉትም እንዳላዩዋት። የሴት ምስጢሯን ገመድ አድርጋ አሰረቻት።

ለሸዋረጋ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ።

«ብሩክታዊት የምታጸዳው የማን ቤት ነው?»

«የዶክተሩ» አለች። «የእኛ ዶክተር ዘከሪያ ናቸዋ። ጎበዝ ልጅ ፈልጊልኝ ሲሉኝ እሷን ወሰድኳት።»

መኪናዬን ወደ አል ዓይን አቀናሁ። መንገዱን ሙሉ ለራሴ የምነግረው ዶክተር ዘከሪያን ነፃ ላወጣ እየሄድኩ እንደሆነ ነው። እንደዚያ ብዬ ባላምን መሪውን አዙሬ እመለስ ነበር። ስርቆቱ ከእንግዶቹ ምርመራ ጋር ከተያያዘ ግን መልሱ ያለው ምስሏ ተገኘችበት ከተባለው ቤት ነው።

ሐጂ ዐብዱራህማን ከዘንባባው ጫካ ዳር፣ ውኃው በቦዩ እየተንሿሿ በሚያልፍበት፣ ከአሮጌው የጭቃ ቤታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። በከዘራቸው እየመሩ ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ግድግዳው ላይ የሚያምር ጽሑፍ ተሰቅሏል፦ የቤተሰቡ የግብፅ ስብስብ ለረጅም ዘመን የኖረበት ክፍል።

ወለሉን አየሁት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደታረሰ መሬት ትልም ትልም ነው። ጥግ ላይ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ማሰሮ መሬት ውስጥ ተቀብሯል።

«ሐጂ፣ ይህ መድበሳ አይደለም እንዴ?»

«ሌላ ምን ይሆናል ልጄ?»

መድበሳ የተምር ማር የሚወጣበት ክፍል ነው። የተምሩ ጆንያ ትልሞቹ ላይ እስከ ጣሪያ ይደረደራል፤ በራሱ ክብደት እየተጨመቀ ማሩ በትልሞቹ ይወርድና ማሰሮው ውስጥ ይጠራቀማል። የአል ዓይን ልጅ ሆኖ ከጎረቤት መድበሳ ጣቱን ነክሮ ያልላሰ የለም። ጉንዳኑ፣ ተርቡ፣ የሚያጣብቀው ወለል! እዚያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የጥንት ዕቃ ለረጅም ዘመን ቢቀመጥ በማር የራሰ ቡኮ ሆኖ ይወጣ ነበር። ዶክተር ዘከሪያ ይህን ሁሉ ዘመን አል ዓይን ኖረው ልባቸው ከአባይ ዳር አልመጣም፤ አንድ ቀን የተምር እርሻ ውስጥ ሲገቡ አይቻቸው አላውቅም። ክፍሉ ጥንታዊ ሲመስላቸው ለታሪካቸው መረጡት።

«ሣጥኖቹ ሲገኙ እርስዎ ነበሩ?»

«አልነበርኩም። ለሕክምና ውጭ አገር ነበርኩ። ስመለስ ዶክተሩ ‹አባትዎ ትልቅ ሰብሳቢ ነበሩ› አለኝ።» አፍረው ጢማቸውን ዳበሱ። «እውነቱን ልንገርህ? አባቴ ከካይሮ ሲያመጣ ያየሁት የውኃ ሞተር ብቻ ነው። ግን አባቱ ሲመሰገን የሚጠላ ማን አለ? ዝም አልኩ።»

ወደ ማሰሮው ጎንበስ አልኩ። ለምርመራ አልነበረም፤ የልጅነት ልማድ ነው። ድንጋዩን ገፋ አድርጌ እጄን ሰደድኩ። ማር የለም። ጣቶቼ ለስላሳ ጨርቅ ነኩ።

ሰማያዊ ናት። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች፤ መዳፌ ላይ በትክክል ትተኛለች። ገለበጥኳት። እግሯ ሥር በጥቁር ቀለም የተጻፈ ትንሽ ቁጥር አለ።

«የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔና ዶክተሩ ጋ። እሁድ ከሰዓት መጥቶ ነበርኮ። ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።»

የቁጥሩን ፎቶ ካይሮ ላለ የሥራ ባልደረባዬ ላክሁለት። ቆየት ብሎ ደወለ። አንድ የቁፋሮ ቡድን ያገኛቸውን ዕቃዎች ያስቀመጠበት መጋዘን በግርግር ጊዜ ተዘርፎ ነበር። ቁጥሩ የዚያ መጋዘን ነው። ዝርፊያው ሲፈጸም የሐጂ ዐብዱራህማን አባት ከሞቱ ቆይተዋል። ከቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ። 

ዶክተር ዘከሪያ አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ምስሏን ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። የት አገኘሃት ሊሉኝ ይገባ ነበር። አላሉም። ብድግ አድርገው መጀመሪያ ያዩት ተጭራ እንደሆነ ነው።

«አልሰበርካትም» አልኩት። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንቱ ልለው አፌ እምቢ አለኝ። «ቁጥሩንም አልፋቅከውም። ብትፍቀው ኖሮ ሸዋረጋ ባልታሰረች።»

«ይፋቃል እንዴ? ይህችን የመሰለች?» ድምፁ የክፍል ውስጥ ድምፁ ነው፤ ተማሪ እንደጠየቀው። «ነጂብ፣ አንተ አይገባህም። ከመጋዘኑ አንዴ ወጥተዋል። እኔ ባልይዛቸው አንዱ ሀብታም ሳሎኑ ውስጥ ያቆማቸው ነበር። ያለ ታሪክ ደግሞ የትም ሙዚየም አይቀበላቸውም። አባት የሌላቸው ልጆች ነበሩ፤ አባት ፈለግኩላቸው።»

«የሰው አባት ሰርቀህ።»

«ሌሎቹ ቁጥር የላቸውም፤ ያለባት እሷ ብቻ ናት። እንግዶቹ እሷን እናያለን ሲሉ ለጥቂት ጊዜ መሰወር ነበረባት።»

«ሸዋረጋስ?»

«ምን ይሆናል? ወደ አገሯ ይልኳታል፣ ኸላስ፣ አለቀ። እሷም አገሬ አገሬ ስትል ነው የምትውለው።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ፣ ልጅ ሆኜ የጓደኛዬን እርሳስ ብወስድ መልሼ ይቅርታ እንድጠይቅ ክፍል ፊት ያቆመኝ!

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አልኩት። «ይህ ሁሉ ፖሊስ እያለ ለምን እኔን አስጠራኸኝ?»

ሰማያዊዋን ምስል ቀስ አድርጎ ቦታዋ መለሳት።

«ስለምታምነኝ ነዋ» አለ።

ካቴናውን ራሴ አላጠለቅሁለትም። ሪድዋና አደረገችው። እኔ መስኮት መስኮቱን ሳይ ቆየሁ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት እስካሁን አላውቅም።

ብሩክታዊት ሁሉንም ተናዘዘች። ዶክተሩ ቪዛዋን ከያዘው ካፊሏ ሊያላቅቃት፣ በሙዚየሙ ስም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሊያወጣላት ቃል ገብቶላታል። እሷ የሠራችው ቅዳሜ የሸዋረጋን ካርድ ከቦርሳዋ አውጥታ መስጠት፣ እሁድ ማታ መመለስ፣ ከዚያም መዋሸት ነው። አዳራሹንና ሎከሩን በዚያ ካርድ የከፈተው እሱ ራሱ ነበር።

ሸዋረጋን ስፈታት ቃሏን ለሪድዋና ፈርማ ጨረሰችና «ብሩክታዊትን አንድ ጊዜ ልያት» አለችኝ። ደንቡ አይፈቅድም። ፈቀድኩላት።

ፊት ለፊት ተቀመጡ። ብሩክታዊት እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትነሳ ሸዋረጋ በእጇ አገደቻት።

«ተቀመጪ። አልጮህብሽም። አንድ ነገር ነው የምጠይቅሽ።»

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ማዳሟ ጋ መመለስ ፈርቼ ነው። ለእመብርሃን ብለሽ…»

«ያን ዕለት አንቺም እንደኔው መስሎኝ ምንም አልጠየቅሁሽም። ለምን ነበር ውጭ የቆምሽው?»

 ሪድዋና ፊቷን አዞረች።

«እንዴት ብዬ ልግባ?» አለች ብሩክታዊት። «ካርድሽን ሰጥቼ መጥቼ፣ በምን እግሬ ቤተ መቅደስ ልግባ?»

ሸዋረጋ አየቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እግዚአብሔርን አፍረሽ ውጭ ቀረሽ» አለቻት። «እኔን ግን አላፈርሽኝም። መጥተሽ አጠገቤ ቆምሽ፤ እንባሽንም አስጠረግሽኝ።»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ብሩክታዊት ስሟን እየጠራች አለቀሰች፤ ሸዋረጋ ግን ዞር ብላ አላየቻትም።